የክፉ ቀን ሽታ

ከዓረብ አገር ይዤ የተመለስኩት አንድ ሻንጣና የስኳር በሽታ ነው። እናቴ ሻንጣውን እልል ብላ ተቀበለች፤ ስኳሩን ግን አላመነችም። «የሀብታም በሽታ እኛ ቤት ምን ሊሠራ ይመጣል?» አለችና ሳቀች።

መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ክትትል የምታደርግልኝ ነርስ እንጀራ፣ ዳቦና ድንች ቀንሺ አለችኝ። እኔ ግማሽ ነገር አልወድም፤ ጭራሽ ተውኩት። እንቁላል፣ አይብ፣ ጎመን በቅቤ፣ ሲገኝ ሥጋ ሆነ ምግቤ። እንጀራ ቀርቦለት አልበላም የሚል ሰው ደግሞ እኛ ዘንድ ወይ የከፋው ነው ወይ የናቀ። እናቴ ጎረቤት ፊት ልታጎርሰኝ እጇን ስትዘረጋ «ይቅርብኝ» አልኳት። ጉርሻውን ወደ ራሷ አፍ መለሰችው።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ጠዋት ስትስመኝ ፊቷ ልውጥ አለ።

«እፍ በይብኝ እስቲ» አለች። እፍ አልኩባት።

«ይሄ የጾም ሽታ አይደለም። የጾምን አውቀዋለሁ። ይሄ የክፉ ቀን ሽታ ነው። እህትሽ እንዲህ እየሸተተች ነው እጄ ላይ ያለፈችው።»

ያቺ እህቴ እኔ ሳልወለድ በረሃቡ ዘመን የሞተች ናት። እናቴ ስለ እሷ ስታወራ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ነርሷን ጠየቅኳት። ሰውነት የለመደው ከእህል የሚያገኘውን ስኳር ነው፤ እሱ ሲቀርበት ጉበት ያጠራቀመውን ይጨርስና ከስብ ኬቶን የሚባል ነገር መሥራት ይጀምራል፤ አንጎልም በዚያ ያድራል፤ ከዚያ የሚተርፈው በትንፋሽ ሲወጣ ይሸታል አለችኝ። ስኳሬ ስለወረደ ደስ ብሏታል።

«ታዲያ ከረሃብ በምን ይለያል?» አልኳት።

«አንቺ ትበያለሽ፤ ትልቁ ልዩነት እሱ ነው። ጉበት ግን እህሉ ታጥቶ ይሁን ተጠልቶ አያውቅም።»

ይህን ለእናቴ በምን አፌ ላስረዳት? «አብሽሪ እማዬ፣ መድኃኒት ነው» አልኳት።

«መድኃኒት እንዲህ አይሸትም» አለች።

ከዚያ ወዲህ ስኳሬ ያለ ምክንያት ከፍ ይል ጀመር። መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ ስነጫነጭ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ጎመኑ ውስጥ የተቆላ ገብስ ጣዕም አገኘሁ። በሶ ነው። እናቴ ተደብቃ እየነሰነሰች ታበላኝ ኖሯል። ስደርስባት ምንም አላፈረችም።

«አንዷን ቀብሬያለሁ። ሁለተኛዋን ጎተራ ሙሉ እህል እያለ አላስርባትም» አለች።

ልቆጣት ተነስቼ አለቀስኩ። በመጨረሻ ተስማማን፤ እሷ በሶውን ልትተው፣ እኔ በቀን አንዲት ጉርሻ ከእጇ ልቀበል። ጠዋት ጠዋት ግን ስትስመኝ ታሸተኝ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ እናቴ ታማ ተኛች። እህል የሚባል አስጠላት። እኔው እንጀራ አልበላም ያልኩት ሴት በሶ በጥብጬ በማንኪያ እየያዝኩ «አንዲት ብቻ፣ ስለ ማርያም» እላለሁ፤ እሷ ፊቷን ታዞራለች። ሰውነቷ አልቆ ነበር። እንዴት እንደሚያም አልነግራችሁም።

አንድ ጠዋት የበሶውን ማንኪያ እንደያዝኩ ልስማት ጎንበስ ስል ያው ሽታ ከአፏ መጣ። ድንግጥ አልኩ፤ አየችኝ።

«ሸተተሽ?» አለች።

«ምንም አይሸትም፣ እማዬ።»

ማንኪያውን ገፋ አደረገችው፤ ወደ እኔ። በሶውን ጎረስኩ። እስክውጠው ድረስ ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም።