ስም ያልተጻፈባቸው የሰቆጣ ቤቶች

ከደሴ መነሣት

ከደሴ የተነሣሁት በጥር ወር፣ አንድ ዓርብ ማለዳ ነው። ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወረሰ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከአባቴ የወረስኩትን ትንሽ ፎቶ ቤት ይዤ እሠራለሁ። ጉርድ ፎቶና የሠርግ ፎቶ የሚያነሣ ሰው በከተማው ሞልቷል። የእኔ ልብ ግን ቤት ላይ ነበር፤ ግድግዳ፣ ደረጃ፣ በመስኮት ገብቶ ወለል ላይ የሚተኛ ብርሃን።

የቤት ፎቶ የሚያሠራ ደንበኛ ማግኘት ድሮም ቀላል አልነበረም። ያነሣኋቸውን ቤቶች በአልበም አድርጌ፣ አልበሙን በነጠላ ጠቅልዬ ከተቋራጭ ወደ ተቋራጭ፣ ከሆቴል ወደ ሆቴል እዞር ነበር። አዋጁ ሲወጣ ትልልቆቹ ሆቴሎች የመንግሥት ሆኑ፤ ተቋራጮቹም የግል ቤት የሚያሠራቸው ሰው አጡ። የቀረኝ አንድ ደንበኛ ነው። ተፈራ የሚባል የአዲስ አበባ መሐንዲስ፣ የአገራችንን የድንጋይ ቤቶች ፎቶ ለተማሪዎቹ ማስተማሪያ ይሰበስባል። በዚያ ወር የደረሰኝ ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ከሰቆጣ አምስት ቤት እፈልጋለሁ፤ ከውጭም ከውስጥም። በእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ የባለቤቱ ስምና ሠፈሩ ይጻፍ። ባለፈው የላክሽልኝ ቤት ዘሟል፤ የዘመመው ግን ቤቱ ሳይሆን ካሜራሽ ነው። እዚህ ሌላ ፎቶ አንሺ አግኝቻለሁ። ይህን ካሳመርሽ ግን ሥራው ያንቺው ይሆናል።»

ስድስት ጥቅል ፊልም፣ ካሜራዬን፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውንና የቀበሌዬን የይለፍ ወረቀት ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ኮረም

ወልድያ አድሬ በማግሥቱ ኮረም ገባሁ። ደጋው ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አልጋ በአንድ ብር ከሃምሳ ያዝኩ፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ እንኳ እግሬ አልሞቀም። ከዚያ ወደ ሰቆጣ የሚወርደው መንገድ በበጋ ብቻ የሚሠራ ነው፤ አውቶቡስ የለውም። አንድ ቀን ሙሉ ጠብቄ፣ ስኳርና ላምባ የጫነ መኪና ሲገኝ ሾፌሩ ጋቢና አስቀመጠኝ። የራያ ሰው ነው፤ ጨዋታ ይወዳል።

«ሰቆጣ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ።

«ቤት ፎቶ ላነሣ።»

«ቤት? ሰው አጥተሽ ነው?»

ሣቅሁ። እሱ ግን ከልቡ ነበር የጠየቀኝ፤ መሪውን እየጠመዘዘ ብዙ አሰበበት። ቆይቶ፣ «እንግዲህ ቤት አይንቀሳቀስብሽም» አለኝ።

መኪናው ቀኑን ሙሉ እየተንፏቀቀ ወረደ። ተራራው ራሰ በራ ነው፤ ጎኑ ላይ ቁልቋልና ድንጋይ፣ ጫፉ ላይ የቤተ ክርስቲያን ዛፎች። ገበሬዎቹ ማሳቸውን በድንጋይ ክትር ደረጃ በደረጃ ሠርተውታል። ቤቶቻቸውም ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካቡ ስለሆኑ፣ ከሩቅ ሲታዩ ከተራራው አይለዩም። ምሳ ላይ በቆምንበት መንደር የማሽላ እንጀራ በሽሮ በላን፤ ለሁለታችን ስሙኒ። አስተናጋጇ ከእናቷ ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ፣ ከእኛ ጋር ባማርኛ ትነጋገራለች፤ ቋንቋውን ስትለዋውጥ ድምፅዋም አብሮ ይለወጣል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሰቆጣ ደረስን።

የፈቃድ ነገር

በማግሥቱ ማክሰኞ ገበያ ነበር። ከአበርገሌ ቆላ የመጡ ሰዎች ፍየሎቻቸውን ይዘው፣ ከሰሃላ በእግራቸው የመጡትም ማርና ቅቤ ተሸክመው መንገዱን ሞልተውታል። እኔ ግን አስቀድሜ ቀበሌ ሄድኩ፤ ያለ ፈቃድ ካሜራ ማውጣት በዚያ ዘመን አይታሰብም።

ሊቀ መንበሩ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው። አልበሜን ገጽ በገጽ፣ ሳይቸኩል አየው። ወረቀቴ ላይ ከፈረመ በኋላ፣ «ሥራሽ ጥሩ ነው» አለኝ። «እኛም እንፈልግሻለን። የከተማው ትላልቅ ቤቶች ስንት ክፍል እንዳላቸው ገና በትክክል አልተመዘገበም። አንቺ መቼም ውስጥ መግባትሽ አይቀርም። ከያንዳንዱ ፎቶ አንድ አንድ ለኛ ስጪን። ከዚህ ሌላ ወረዳውም አውራጃውም ቋሚ ሥራ ይሰጥሻል፤ እኔ እጽፍልሻለሁ።»

ቋሚ ሥራ የሚለውን ቃል ከሰማሁ ሁለት ዓመቴ ነው። እምቢም እሺም ሳልል አመስግኜ ወጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

የእትዬ ዘሃራ ቤት

ከገበያው በላይ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት አየሁ። የማዕዘኑ ድንጋዮች በቢላ የተቆረጡ ይመስላሉ፤ ከላይ የእንጨት ሰገነት አለው። ባለቤቱ ሐጂ ሰዒድ፣ ታች ባለው ሱቅ ጨርቅና ጨው የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። (የእሳቸውንም የባለቤታቸውንም ስም ለዚህ ጽሑፍ ለውጬዋለሁ።) ሰላም ብዬ የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«የቤት ፎቶ? አይሆንም ልጄ።»

«ለተማሪዎች ማስተማሪያ ነው፣ ሐጂ። ቤትዎ በጣም ያማረ ስለሆነ...»

«ያም ከቀበሌ የመጣው ሰው ያማረ ነው ብሎ ነበር። ወረቀት ይዞ መጣ፤ ሻይ ጠጣ፤ ክፍል ቆጠረ። በወሩ ገበያ ዳር ያሉት ሦስት ክፍሎቼ ትርፍ ቤት ተብለው ሄዱ። አሁን ደግሞ በፎቶ መጣችሁ?»

የሊቀ መንበሩ ቃል ያኔ ገባኝ። አልበሜን ታቅፌ ልወጣ ስል ከውስጥ መጋረጃው ተገለጠና ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ብቅ አሉ። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናቸው።

«ሴት ናት እንዴ ፎቶ አንሺዋ? እስቲ ግቢ፤ ውሃ እንኳ ጠጪ» አሉኝ።

ቅርንፉድ ያለው ሻይ ሰጡኝ። አልበሜን ተቀብለው ጭናቸው ላይ ዘረጉት። አንዱን ፎቶ ብዙ አዩት፤ የደሴ ቤት ነው፣ ሰፊ ሳሎን።

«የዚህ ቤት ሰዎች ይህንን ፎቶ ሲያዩ ምን አሉ?»

«አላዩትም።»

«እንዴት አላዩትም? ቤታቸው አይደለም?»

አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ውስጥ ገብቼ ስወጣ፣ ፎቶውን የምሰጠው ለከፈለኝ ሰው ነው። በሩን ለከፈተልኝ ሰው አንድ ቅጂ ሰጥቼ አላውቅም፤ መስጠት እንዳለብኝም ታስቦኝ አያውቅም። ይህንኑ እውነቱን ነገርኳቸው። ከዚያ፣ እንዴት እንደ ደፈርኩ እንጃ፣ ሊቀ መንበሩ የጠየቀኝንም ነገርኳቸው።

ሐጂ ሰዒድ ከሱቁ በር ሆነው ይሰሙ ነበር። «ታዲያ ምን አልሽው?» አሉኝ።

«ገና ምንም አላልኩም። አሁን ግን አልሰጥም።»

ሁለቱ በኽምጣኛ ተነጋገሩ። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ እትዬ ዘሃራ ተነሥተው፣ «ነይ፣ ላይ ላሳይሽ» አሉኝ።

የላይኛው እልፍኝ አንድ ክፍል ነው። መካከሉ ላይ የወይራ ምሰሶ ቆሟል፤ ራሱ ላይ የተጠረበ ሐረግ አለው። ግድግዳው ውስጥ ለመብራትና ለቁርአን ማስቀመጫ የተበጁ ትንንሽ ዝግ መስኮቶች አሉ። ጣሪያው ግን ጎብጧል፤ ወጋግራውን ምስጥ በልቶታል።

«አባቴ ነው የሠራው» አሉ ምሰሶውን እየዳበሱ። «አናጢም ግንበኛም ነበር። ከክረምት በፊት ይህን ፎቅ ማፍረስ አለብን፤ አለዚያ ተኝተን ይወድቅብናል። ልጆቼ አራቱም ወልደዋል፤ የልጅ ልጆቼ ግን የአባቴን እጅ አያውቁትም። አንሺው። ስማችን አይጻፍበት፤ ሠፈራችንም አይጻፍበት። አንድ ለእኔ፣ አንድ ለአዲስ አበባው ሰውዬ። ለሌላ አንድም።»

«እሺ» አልኩ። ምላሴ ይህን ሲል የመሐንዲሱን ደብዳቤ እያሰብኩ ነበር።

ሁለት ቀን ሥራ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ በሰገነቱ በር ገብታ ምሰሶው ሥር ትደርሳለች። ከዚያ በፊት ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ይነጣል። እትዬ ዘሃራ ነጭ አንሶላ አምጥተው በጨለማው በኩል ሰቀሉልኝ፤ ብርሃኑ ከአንሶላው ነጥሮ ማዕዘኖቹን ቀስ አድርጎ ገለጣቸው። የካሜራው እግር በሸካራው ወለል ላይ አልስተካከል ሲለኝ፣ ሐጂ ሰዒድ ከሣጥን ውስጥ ግድግዳ የሚቀናበት አንድ ቱንቢ አወጡ። የአማታቸው የግንበኛው ቱንቢ ነው፤ ክሩ አዲስ፣ ብረቱ አሮጌ። ከጣሪያው አንጠልጥለውት መወዛወዙን እስኪያቆም ጠበቅን። ምሰሶውን በቱንቢው፣ ካሜራዬን በምሰሶው አቀናሁ። ያ ምሰሶ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ፀጉር ታህል አልዘመመም። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለጨለማው ብዬ የካሜራውን ዓይን ከፍቼ እስከ ሃያ እየቆጠርኩ አነሣሁት።

በሁለተኛው ቀን ሁለት የጎረቤት ሴቶች መጡ። እትዬ ዘሃራ ነግረዋቸው ኖሯል። ቤታቸውን ከፈቱልኝ፤ ያው በዚያው ውል። አልበሜን ይዤ አምስት ዓመት በዞርኩበት ከተማ በሁለት ቀን ሦስት ቤት ተከፍቶልኝ አያውቅም።

መውጫው

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የይለፍ ወረቀቴ ላይ የመውጫ ማኅተም ለማስመታት ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ወረቀቴን ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

«ፎቶዎቹስ?»

«ጓድ፣ ሰዎቹ ቤታቸውን የከፈቱልኝ አምነውኝ ነው። ያንን ሥራ መሥራት አልችልም።»

«አትችይም ወይስ አትፈልጊም?»

«አልፈልግም።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ወዴት እንደሚወስድ ሁላችንም እናውቃለን። «እንግዲህ ነገ እናያለን» ብሎ አሰናበተኝ። ነገ ሲመጣም ለሌላ ነገ ቀጠረኝ። ጭነት መኪናው ያለ እኔ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ከቢሮው ፊት ለፊት ተቀምጬ አዲሱን ክሊኒክ ስመለከት አረፈድኩ። ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው ነው፤ ኖራው ገና አልደረቀም። እዚያ ተቀምጬ አንድ ነገር ገባኝ፤ ሰውየውን ባዶ እጁን ነው የመለስኩት። ገብቼ እንዲህ አልኩት፦

«የሰው ጓዳ አልሰጥዎትም። ክሊኒኩን ግን በደንብ ላንሣልዎት፤ ከውጭም ከውስጥም። አውራጃው ሊያየው የሚገባው እሱን አይመስልዎትም?»

ቀና ብሎ አየኝ። «መስኮቶቹ ይታያሉ?» አለ። «መስኮቶቹን ከደሴ ለማስመጣት ዓመት ፈጅቶብኛል።»

«መስኮቶቹማ ዋናዎቹ ናቸው።»

አብሮኝ መጣ። አልጋዎቹን ራሱ አስተካከለ፤ መስታወቱን በእጅጌው ወለወለ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ያየሁት ያኔ ነው። የቀሩኝን ሁለት ጥቅሎች እዚያ ጨረስኳቸው። መሐንዲሱ ለሚፈልጋቸው ለአራተኛውና ለአምስተኛው ቤት አንድም ፊልም አልቀረኝም። ወረቀቴን ግን መታልኝ።

መኪና ስላልነበረ ከጨው ነጋዴዎች ጋር በቅሎ ተከራይቼ ሦስት ቀን ተጉዤ ኮረም ወጣሁ። ፊልሙን ከሰውነቴ አልለየሁትም።

ደሴ

ፎቶዎቹን አጥቤ ሳትማቸው ምሰሶው ቀጥ ብሎ ከወረቀቱ ወጣ። ከሠራኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነበር። ለእትዬ ዘሃራና ለጎረቤቶቻቸው በነጋዴ እጅ ላክሁ፤ የክሊኒኩን ለሊቀ መንበሩ በፖስታ። ለመሐንዲሱም ሦስቱን ቤቶች ላክሁለት፤ ጀርባቸው ነጭ ነው። ምክንያቱን ሳልደብቅ ጻፍኩለት።

መልሱ በወር ውስጥ መጣ። «ፎቶዎቹ እስከ ዛሬ ካየኋቸው ሁሉ የተሻሉ ናቸው» ይላል፤ «ነገር ግን ባለቤቱ የማይታወቅ ቤት፣ ያውም ከአምስት ሦስት ብቻ፣ ለመዝገቤ አይሆነኝም።» ሥራውን ለሌላው ሰው ሰጠው። ደብዳቤውን ሳነብ አላለቀስኩም፤ ግን ያን ቀን ፎቶ ቤቱን በጊዜ ዘጋሁ። ስድስት ወር የጉርድ ፎቶ ሳነሣ ከረምኩ፤ ስለ ሰቆጣ ማንም አልጠየቀኝም።

መስከረም ላይ አንድ የማላውቃቸው ሰው ገቡ፤ በደሴ ጨርቅ የሚነግዱ የሐጂ ሰዒድ ዘመድ። ሰቆጣ ለዒድ ሄደው ፎቶውን ግድግዳ ላይ አይተውታል። ፎቁ ፈርሷል፤ ምሰሶው ግን ታች ባለው ቤት ውስጥ እንደገና ቆሟል አሉኝ። የእሳቸውም የሟች አባታቸው ቤት ወረ ኢሉ ነው፤ ፎቶ ሊያስነሡት ይፈልጋሉ። ከእሳቸው በኋላ ወንድማቸው፣ ከወንድማቸው በኋላ አማቻቸው መጡ። እስከ ዛሬ ካሉኝ ደንበኞች ብዙዎቹ የዚያ ሐረግ ናቸው፤ አልበም ይዤ የማንንም በር አላንኳኳሁም።

ያ ጉዞ ያስተማረኝ፣ ደንበኛዬ የሚከፍለኝ ሰው ብቻ አለመሆኑን ነው። በሩን የሚከፍትልኝም ደንበኛዬ ነው፤ እሱን የጠበቅሁ እንደ ሆነ ሌላው በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ይቀራል። በዚያ የመስከረም ቀን ለጨርቅ ነጋዴው ትእዛዙን ለመጻፍ ወረቀት አውጥቼ፣ «ከፎቶው ጀርባ ስም ይጻፍ ወይስ ይቅር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ወደ በሩ፣ ወደ መንገዱ አዩ።

«የአባቴን ጻፊው» አሉኝ። «እሱን ማንም ምንም አያደርገውም። የእኔን ለጊዜው ተዪው።»