ትርንጎ ባዶ ወረቀት ይዛ የተመለሰችበት የፎገራ ቀን

ከሐሙሲት የተነሣነው ስድስት ነን። መምህር ውብሸት፣ የቅዳሜ ክፍላችን ኃላፊ። ማስተዋል፣ ከስምንተኛ ክፍል። ሀብታሙ፣ እሱም ከስምንተኛ። የሽወርቅ፣ ከሰባተኛ። ትርንጎ፣ ከሰባተኛ። ስድስተኛው እኔ ጌታነህ ነኝ፤ መምህር አይደለሁም፣ ዐሥረኛ ክፍል ላይ አቁሜ ቀሪውን ከመጻሕፍት የለቃቀምኩ፣ የክፍሉን ቁልፍና መዝገብ የምይዝ ሰው ነኝ። ፎገራ በደረስንበት የሩዝ ማሳ ላይ ሁለት ሰዎች ተጨምረዋል፦ አቶ አዱኛና ወይዘሮ ስንዱ። ሌላ ሰው አልነበረም።

የቅዳሜ ክፍል ልጆች ትምህርት ቶሎ የሚገባቸው ናቸው። ርእስ በርእስ ላይ ከምንደራርብባቸው አንድ ሰፊ ሐሳብ ይዘን በታሪኩም፣ በሳይንሱም፣ በእርሻውም እንከተለው ብዬ ያመለከትኩት እኔ ነኝ። ለመስከረም የተመረጠው ሐሳብ «ሥልጣን» ነበር። በቀፎ ውስጥ የሚያዘው ማን ነው? በቤትስ? በውኃ ላይስ? ይህን እየጠየቅን ፎገራ እንውረድ አልኩ። መምህር ውብሸት ተስማሙ። ተስማምተውም ቅጽ አዘጋጁ።

ቅጹ ሦስት ክፍት ቦታ አለው፦ የሥልጣን ትርጉም፣ ሦስት ምሳሌዎች፣ ከጉዞው የተገኘ ትምህርት። ትርንጎ ባለፈው ዓመት አንድም ቅጽ ሞልታ አላስረከበችም። ስለዚህ ዓርብ ዕለት ጠርተው፣ «የነገውን ካልሞላሽ ቦታሽን ለሌላ ልጅ እሰጣለሁ» አሏት። ክፍሉ የሚይዘው አራት ልጅ ብቻ ነው፤ ተራ የሚጠብቁ ደግሞ አሉ።

ከጠዋቱ 1፡10፣ ሐሙሲት

የወረታው ሚኒባስ ረዳት «ሞልቷል፣ ግቡ!» አለን። ገባን። አልሞላም። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ተቀምጠን ስንጠብቅ ረዳቱ አሥራ አንድ ጊዜ «አሁን ነው» ብሏል፤ ቆጥሬያለሁ። መምህር ውብሸት ጊዜው እንዳይባክን ቅጹን ማስጻፍ ጀመሩ።

«ጻፉ። ሥልጣን ማለት ሌላውን ሰው የማዘዝ መብት ነው።»

«ሳናይ ነው የምንጽፈው?» አለች ትርንጎ።

«ስናይ ጊዜ እንዳያጥረን ነዋ! ምሳሌ አንድ፣ ንጉሥ። ሁለት፣ ዳኛ። ሦስት፣ የንብ አውራ።»

ረዳቱ በመስኮት ብቅ አለ። «መምህር፣ ረዳትንም ያስገቡበት እንጂ! እኔ በሩን ካልደበደብኩ እንኳን እርስዎ ሾፌሩም አይነሣ።»

ትርንጎ ሳቀች። መምህር ውብሸት አልሳቁም። ሦስቱ ልጆች ምሳሌዎቹን በቅደም ተከተል ጻፉ፤ ትርንጎ እስክሪብቶዋን እንደከደነች ወደ ረዳቱ ስታይ ቆየች። እኔም ዝም አልኩ። ሐሳቡ የኔ ሆኖ ሳለ ዝም ማለቴ እስካሁን ያናድደኛል።

3፡25፣ ወረታ

ወረታ ደርሰን ምሳ አስቋጠርን፤ ከጤፍ ይልቅ ሩዝ የበዛበት እንጀራ በሽሮ። ትኩሱን ብሉት ብዬ ነበር። «ምሳ በምሳ ሰዓት» ተባልኩ። የሩዝ እንጀራ ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚሆን የቀመሰ ያውቀዋል፤ በስድስት ሰዓት ስንፈታው ፍርፋሪ ሆኖ ጠበቀን።

ከወረታ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ በሁለት ባጃጅ ሄድን። ጠጠሩ መንገድ ካለቀበት ላይ የፊተኛው ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ገባ። ገፋን። የመምህር ውብሸት አንድ ጫማ እዚያው ቀርቶ ሀብታሙ በእጁ ፈልጎ አወጣው። ከዚያ በእግር ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ሜዳው ላይ ጉብታ የሚባል ነገር የለም፤ ውኃው በየማሳው ተኝቶ ሰማዩን ቆራርጦ ይዞታል። ከብቶቹ እስከ ሆዳቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ይግጣሉ። ሩዙ ዛላውን አውጥቷል፣ ፍሬው ግን ገና ወተት ነው። ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ ወጥቷልና ውኃ የሚፈልግበት ሰዓት አሁን ነው።

5፡00፣ ማሳው

አቶ አዱኛ ዶማቸውን አጠገባቸው ተክለው በጭቃ ክትራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ክትሩ የእሳቸውን ማሳ ከታችኛው ማሳ ይለያል። የእሳቸው ማሳ ውኃ ሞልቶበታል፤ ከታች ያለው ግን መሬቱ መሰንጠቅ ጀምሯል።

«ጋሼ፣ ለምን አይከፍቱትም?» አለች ትርንጎ።

«እኔ አልከፍትም። በዚህ ጎጥ ክትር የሚከፍተው የታችኛው ባለማሳ ነው፤ የላይኛው ቆሞ ያያል። ሲበቃ ደግሞ የላይኛው ይዘጋል፤ የታችኛው ቆሞ ያያል። ሌባና ሐሜት እንዳይኖር አባቶቻችን ያቆሙት ነው።»

«የታችኛው ባለቤት የት አለ?»

«ስንዱ ናት። ጥጃዬ ሩዟን ቢረግጥባት ተቀይማ ይኸው ሦስት ቀኗ፣ አትመጣ። እኔም ሦስት ቀን እዚህ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።»

«ሄደው ለምን አይጠሯትም?»

«እኔ? ውኃው ያለኝ እኔ፣ ለማኙም እኔ? አንች ልጅ፣ የሰው መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

ትርንጎ የተሰነጠቀውን መሬት አየች። «እንግዲያ ሥልጣኑ ውኃ ባለው እጅ አይደለማ። ባልመጣው ሰው እጅ ነው።»

አቶ አዱኛ ወደ መምህር ውብሸት ዞረው፣ «መምህር፣ ይችን ማን አስተማራት?» አሉ።

«ቅጹን ሙሊ!» አሉ መምህር ውብሸት። «ትምህርት የሚለው ቦታ ላይ ነን።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን በደንብ አላውቅም፤ ጥፋቱም የኔ ነው። የክትሩን ርዝመት በእርምጃ እየለካሁ ነበር፤ ሃያ ሦስት እርምጃ ወጣ። ልኬን ስጨርስ መምህር ውብሸት የየሽወርቅን ቅጽ አስይዘውኝ የፊደል ግድፈት አሳረሙኝ። ቀና ስል ትርንጎ፣ ማስተዋልና ሀብታሙ የሉም። በታችኛው ማሳ ማዶ፣ ከአንድ ቤት ደጃፍ፣ ሦስት ትንንሽ ሰዎችና አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት ይታያሉ። ለሃያ ደቂቃ ያህል ቆሙ። ከዚያ አራቱም ወደኛ መጡ።

ወይዘሮ ስንዱ ዶማቸውን በትከሻቸው ይዘዋል። «ምን ያፈጣል? ክትር ሲከፈት አይቶ አያውቅም?» አሉ።

«ከረሳሁት ሦስት ቀን ሆነኝ» አሉ አቶ አዱኛ፤ ተነሥተውም ቆሙ።

ወይዘሮ ስንዱ ክትሩን ሁለት ጊዜ ቆፈሩ። ውኃው ጭቃውን ይዞ ወረደ፣ ስንጥቁ ውስጥ እየገባ ሲጠፋ ቆየ፣ ከዚያ መተኛት ጀመረ። ሁለቱ ሰዎች ሳይተያዩ ጎን ለጎን ቆመው አዩት።

መምህር ውብሸት ግን ትርንጎን እያዩ ነበር። «ከቡድኑ እንድትወጪ ማን ፈቀደልሽ?»

11፡15፣ ሐሙሲት

ከመኪናው እንደወረድን ቅጾቹ ተሰበሰቡ። ሦስቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ንጉሥ፣ ዳኛ፣ የንብ አውራ። አራተኛው ባዶ ነው። መምህር ውብሸት መዝገቡን ከእጄ ወስደው በትርንጎ ስም ላይ መስመር አሰመሩ።

«መምህር፣ ከሁላችን በላይ የሠራችው እሷ ናት እኮ» አልኩ።

«ማስረጃህ የታለ? ወረቀቷ ይኸው። አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ለእሷ ታዳላለህ። ካለህ ጽፈህ ሰኞ ለርእሰ መምህሩ አቅርብ።»

ትርንጎን እዚያው መንገድ ላይ፣ ወይዘሮ ስንዱን ምን ብላ እንዳመጣቻቸው ጠየቅኳት። «እኔ ለራሴ ብናገር ማን ያምነኛል? ተወው» አለችና ሄደች።

ይህ ጉዞ ምን አስተማረህ ብትሉኝ፣ የቅጹን ሦስተኛ ቦታ እንደምንም እሞላዋለሁ። አንድ ሐሳብ ለልጅ ሰጥቶ መልሱን ቀድሞ ማስጻፍ ዘርቶ መልሶ መልቀም ነው። እኔም ከመምህር ውብሸት የተሻልኩ አይደለሁም፤ የረዳቱን «አሁን ነው» ቆጥሬ፣ የክትሩን እርምጃ ለክቼ፣ ልጅቷ ትልቁን ሥራ ስትሠራ ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር። መዝገቤ ላይ ሃያ ደቂቃ ባዶ ነው።

ማስተዋል፣ ሀብታሙ፣ እናንተ ከዚያ ደጃፍ ቆማችሁ ነበር። መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው? ትርንጎ ምን ብላ ጠየቀች? ወይዘሮ ስንዱ ዶማቸውን ያነሡት ከየትኛው ቃል በኋላ ነው? የሽወርቅ፣ አንቺም ከእኔ ይልቅ ወደዚያ ስታዪ ነበር። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ያህል ብቻ፣ ሳታሳምሩ፣ ከዚህ በታች ጻፉልኝ። የተሳሳትኩት ካለም ሰርዙት። ሰኞ ለርእሰ መምህሩ የማቀርበው ይህ ደብተር እስከ እሑድ ከሰዓት ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ በሩን አልቆልፍም።