ጋሽ አለኸኝና የሞጣው የልኬት ክፍል

የልኬት መምህሬ የነበሩት ጋሽ አለኸኝ በያዝነው ወር መጀመሪያ ቢቸና በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ዜናውን የሰማሁት ሞጣ ሆኜ ነው። ስልክ እንደፈለገው መጥቶ እንደፈለገው በሚጠፋበት በዚህ ሰሞን ባለቤታቸው እትዬ የሺ እንደምንም አገኙኝና «ልጄ፣ አባትሽ ዐረፉ» አሉኝ። አባትሽ የሚሉኝ ስላስተማሩኝ ነው። መልስ ሳልሰጥ መስመሩ ተቋረጠ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እንዳልደረሳችሁ ሰምቻለሁ። ለቅሶ መድረስ ሲያቅት የሚቀረው መጻፍ ነው፤ ሌላ የማደርግላቸው ነገር ቢኖር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

አብዛኞቻችሁ ጋሽ አለኸኝን የምታውቋቸው በገበያ ነው። የቢቸና ገበያ ሲቆም ከእህል ተራው ዳር ጆንያ ላይ ይቀመጡና የነጋዴውንም የገበሬውንም ሚዛን ይፈትሹ ነበር። ሥራ ብሎ የሰጣቸው አልነበረም። ቅቤ ሻጯ የሚዛኗ ክንድ ተጣሞ ገዢ ሲሸሻት፣ ከኪሳቸው ትንሿን ሞረድ አውጥተው ያቃኑላትና ከጎኗ ቆመው የመጀመሪያውን ገዢ ራሳቸው ይጠሩላት ነበር። ከመመዘናቸው በፊት በዙሪያቸው ያለውን ሰው ሁሉ ዝም ያሰኙ ነበር። «የሚመዝን ሰው መጀመሪያ ትንፋሹን ያሳርፍ» ይሉ ነበር። እትዬ የሺ በዚህ ይቀልዱባቸዋል፤ «እሳቸው እኮ ወጥ እንኳ የሚቀምሱት መስኮት አዘግተው ነው» ይላሉ። ጋሽ አለኸኝም ቀልዱን ሰምተው መስኮቱን ይዘጉ ነበር።

አንድ ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲያንገበግባቸው ኖሯል። ከእኛ አካባቢ የሚሄደው ባቄላና ሽምብራ እዚህ በደንብ ተመዝኖ ይወጣል፣ ድንበር ሲሻገር ግን የእኛን ሚዛን የሚያምን የለም። እንደገና ይመዘናል፣ ጎደለ ይባላል፣ ገበሬው ሌባ ተብሎ ይቀራል። የተሳሳተው የማን ሚዛን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሌላው ሰው ሲናደድ ድንበሩ ላይ ያሉትን ይሳደባል፤ እሳቸው ግን «ልክ ማለት አንተ የምታምነው አይደለም፤ ጎረቤትህ አምኖ የሚቀበልህ ነው» ይሉ ነበር። ይህን የሚሉት ለገበሬውም ለአለቃውም በአንድ ዓይነት ድምፅ ነበር።

የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የልኬት ባለሙያዎቻቸውን አብረው ለማሠልጠን ሲስማሙ ጋሽ አለኸኝ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ነበር የቀራቸው። ቢሆንም ኡጋንዳ ድረስ ሄደው ከልጆቻቸው እኩያዎች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተማሩ። ሲመለሱ የልኬት ክፍል ይከፈትልን እያሉ የማይገቡበት ቢሮ አልነበረም። በመጨረሻ ሞጣ ላይ አንድ የቆየ መጋዘን ተፈቀደላቸው። እኔ ያን ጊዜ የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። መጥተው «ይሄን ፊዚክስሽን አንድ ቀን እንኳ ሥራ እናስይዘው እንጂ» አሉኝና ወሰዱኝ፤ ከጥቂት ሌሎች ጋር ልኬት ያስተምሩን ጀመር። የበሩን ሥር በጨርቅ ደፈንን፣ መስኮቶቹን ዘጋን፣ ጠረጴዛውን ከመሬት ጋር በሲሚንቶ አሰርን። ከውጭ የመጣው፣ ትንፋሽ እንኳ የሚያናውጠው ስስ ሚዛን ሲተከል ጋሽ አለኸኝ ጫማቸውን አውልቀው ነበር የገቡት።

ያ ክፍል ተቀባይነት የሚያገኘው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። አንድ ሳጥን የሚዛን ድንጋይ ከአገር አገር ይዞራል። ድንጋይ እንላቸዋለን እንጂ ነሐስ ናቸው። እያንዳንዱ አገር በተራው ይመዝናቸዋል፣ ያገኘውን ለማንም ሳይናገር ያስቀምጣል፣ ዙሩ ሲያልቅ የሁሉም ውጤት ይተያያል። ከሌሎቹ ጋር የተስማማ የልኬት ክፍል በሁሉም አገር ይታመናል። እኛ ብናልፍ ኖሮ በሞጣ ሚዛን የተመሰከረለት እህል ድንበር ላይ ዳግም አይመዘንም፤ የአካባቢው ልጆችም ለሥልጠና ሰው አገር መሄድ አያስፈልጋቸውም ነበር። ጋሽ አለኸኝ «ይህን ካየሁ ሌላ አልለምንም» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲያ የኖሩት ለዚሁ ነው።

ሳጥኑ ተራው ደርሶ መጣልን። ደንቡ ሁለት ጊዜ መመዘን ነው፣ በመካከሉ ድንጋዮቹን ማሳረፍ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ምዘና አማረልን። ሳጥኑን ልትረከብ ከኡጋንዳ ግሬስ የምትባል ባለሙያ ከባልደረቦቿ ጋር እንደምትመጣ ስለተነገረን ግቢው በሙሉ የእንግዳ ዝግጅት ያዘ።

የክፍሉ ጽዳት ሠራተኛ እትዬ አዛሉ የምትባል ሴት ናት። የደብሩ ንግሥ ሲደርስ ጸናጽሉንና መስቀሉን በአመድና በሎሚ ፈትጋ የምታበራው እሷ ነች፤ በእጇ የተነካ ነሐስ ፀሐይ ላይ ዓይን ያጥበረብራል። ያደገችውም እንደ ሁላችንም የሰው ዕቃ ታጥቦ ይመለሳል ተብላ ነው። ከጎረቤት የተዋሱትን ድስት ከነእድፉ የሚመልስ ሰው በእኛ አገር ሁለተኛ አይዋስም። ድንጋዮቹ ደግሞ በብዙ አገር አየር ጠቁረው ነበር። እሷም አየቻቸውና አዘነች።

ለሁለተኛው ምዘና ሳጥኑን ስንከፍት አብረቀረቁብን። ጋሽ አለኸኝ አንድ በአንድ መዘኗቸው። ሁሉም ቀለዋል። ከላያቸው የተነሣው እድፉ ብቻ አልነበረም፤ ነሐሱም አብሮ ተፍቋል። በገበያ ሚዛን የማይታወቅ ትንሽ ነገር ነው፣ በዚህ ሥራ ግን ሳጥኑ ሞቷል ማለት ነው። እትዬ አዛሉን አስጠሯት። ደስ ብሏት ገባች።

«ጋሼ፣ እንግዶቹ ዕቃቸውን ከነእድፉ ቢወስዱት ምን ይሉናል ብዬ ነው። አመድና ሎሚ ነው፣ ሌላ አላስነካኋቸውም» አለች።

ጋሽ አለኸኝ እጆቿን አዩ። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ። እጅሽን ሎሚው አላቃጠለሽም?» አሏት። አላቃጠለኝም ብላ ወጣች። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩ። እኔ ያን ቀን ማልቀስ ፈልጌ በእሳቸው ፊት አፈርኩ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነገሩን ሲሰሙ መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ያ ክፍል እንዲያልፍ የእኛን ያህል ይፈልጉ ነበር። የመጀመሪያው ምዘና ትክክል ነው፣ እሱን እንላክ፣ ሳጥኑን ዘግተን እናስረክብ፣ ውሸት አንናገርም ዝም ብቻ እንላለን አሉ። ነገሩ ሲሰሙት ያሳምናል። ጋሽ አለኸኝ ግን እንዲህ አሏቸው፤ «ቀጥሎ የሚመዝነው ሰው ጎድሎ ሲያገኘው የራሱን ሚዛን ይጠራጠራል። ምንም ያላደረገኝን ሰው እንዴት በገዛ ሚዛኑ ላይ አሳብደዋለሁ?» ስልኩንም አንሥተው ራሳቸው ለግሬስ ደወሉ። የእትዬ አዛሉን ስም አላነሡም። «ሳጥኑን ሳልቆልፍ የተውኩት እኔ ነኝ፣ በእኛ ቤት ተበላሽቷል» አሏት።

ዙሩ ቆመ። ሳጥኑ ወደ መነሻው ተመልሶ እንደ አዲስ ሊመዘን ግድ ሆነ፣ ከእኛ በፊት የመዘኑት አገሮች ሁሉ ልፋታቸው ሜዳ ቀረ። እኛም ከዙሩ ወጣን። እትዬ አዛሉ ምን እንደሠራች የነገሯት ሌሎች ናቸው። ጋሽ አለኸኝ ያን ዕለት ቤቷ ሄደው እስኪመሽ አጫወቷት፣ ጥፋቱ የቁልፉ ነው እያሉ። አልተጽናናችም። ከዚያ ወዲህ ለንግሥ ጸናጽል ጥረጊ ሲሏት እጄ እርኩስ ነው ትላለች፤ ጸናጽሉም እንደጠቆረ ይወጣል።

ግሬስ ግን አልተቀየመችም። እንዲያውም መጀመሪያ ሞጣ ድረስ መጥተን አብረን እንሠለጥናለን፣ በሚቀጥለው ዙር ትገባላችሁ ብላ ቃል ሰጠች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የጋሽ አለኸኝ እውነት ግን እያደር የጨለመ ነው። ሥልጠናው ቀን ተቆረጠለት፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ተላለፈ። ደግሞ ተቆረጠ፣ ደግሞ ተላለፈ። መብራት ከክፍሉ ጠፋ። ስሱ ሚዛን ለደኅንነቱ ተብሎ ተነቅሎ ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ፤ ሲነቀል ጋሽ አለኸኝ አልነበሩም፣ ታመው ቢቸና ገብተው ነበር። በጉንደ ወይን በኩል ሰው ማለፍ በጀመረ ሰሞን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከስተው ትከሻቸው ብቻ ቀርቷል። ስለ ሕመማቸው ጠየቅኳቸው።

«ግሬስ ደወለች?» አሉ።

አልደወለችም አልኳቸው።

«መንገዱ ሲከፈት ይመጣሉ። ክፍሉን አቧራ እንዳይበላው፣ እጠብቃቸዋለሁ በያት።»

ሚዛኑ መወሰዱን ሳልነግራቸው ተመለስኩ። እትዬ የሺም እንዳልነግራቸው በዓይናቸው ለምነውኝ ነበር።

ጋሼ፣ አሁን እርስዎን ነው የማናግረው። ሌላ ሰው ቢሆን ክፍሉ ይከፈታል፣ የጀመሩትን እንጨርሳለን ብዬ እሸኘው ነበር። ለእርስዎ የማይመዘን ነገር መናገር አልችልም። በሩ ተቆልፏል፣ ውስጡ ጠረጴዛው ብቻ ነው ያለው። አብረን የሠለጠንነው ተበትነናል፤ እኔም ወደ ጥቁር ሰሌዳው ተመልሻለሁ። ባቄላው አሁንም ድንበር ላይ ጎደለ ይባላል፣ ገበሬውም አሁንም ሌባ ነው። እርስዎን የሚተካ ሰው እየፈለግን አይደለም፤ ፈላጊም የለም።

ከቀብርዎ በኋላ ግሬስ ደወለች። ማረፍዎን ነገርኳት። ከዚያ አዲሱ ሳጥን ሊዞር መሆኑን፣ ለሞጣ ቦታ እንደያዘችልን ነግራኝ፣ መቼ ዝግጁ እንደምንሆን እንድነግራት ጠየቀችኝ። ቦታ ይዛልን ሌሎቹን ማቆየት እንደማይገባት እርስዎ ያስተማሩኝ ነው። ሳጥኑ ይለፈን፣ አትጠብቁን አልኳት። ይህን ቃል ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የምነግርዎትም ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው። እንግዲህ ጋሼ፣ የሚመጣ የለም። እርስዎም አይጠብቁ፤ ይረፉ።