ግማሹ የጠራ መስታወት

እልል በሉልኝ! ተመልሷል! በቀትር፣ በሰው ፊት፣ ከወሰደው ሰውዬ አፍ እያስነጠሰ ወጥቶ ተመልሷል። ምን ተመለሰ? የማን? ቆይ፣ ትንፋሼን ልሰብስብና ከሥሩ ልጀምረው።

የተመለሰው ስም ነው። ባለቤቱም የቢቸናው ሹፌር ስጦታው ነው።

ስጦታው ከቢቸና ሞጣ በሚኒባስ ሲመላለስ የኖረ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አረቄ ይቅርና የሠርግ ጠላ እንኳ ሊቀዳለት ሲል ብርጭቆውን በመዳፉ የሚከድን። ካቻምና ሐምሌ ላይ ግን መኪናዋ ግንደወይን ሳትደርስ ከቦይ ገባች። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም፤ የአንዲት ገበያተኛ ቅቤ ፈሰሰ እንጂ።

እንዴት ገባች? ዝናብ ነው። ጋቢው ርሷል፣ ጃንጥላው ያንጠባጥባል፣ ሰው በሰው ላይ ተጭኖ ይተነፍሳል። ጋቢና የተቀመጡት የእህል ነጋዴው ጋሽ አካለ ወልድ ደግሞ ከነፋስ ጋር ደመኛ ናቸው። ስጦታው መስኮቱን ጣት ታህል በከፈተ ቁጥር፣ "ዝጋ! ብርድ ልታስመታኝ ነው?" ይላሉ። ትልቅ ሰው ናቸውና ዘጋ። የፊቱ መስታወት ጉም ለበሰ። በእጅጌው ጠረገው፤ መልሶ ለበሰ። ከዚያማ ቦይ።

ጋሽ አካለ ወልድ ጥፋቱ ወደ እርሳቸው ሳይዞር ቀደሙ። እግራቸው ከጭቃው ሳይወጣ፣ "ሰክሯል! አረቄ አረቄ ሸትቶኛል!" አሉ። ወሬውን ጎረቤቴ ውበቴ ከአፋቸው ተቀብላ ቢቸናን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰችው። የመኪናዋ ባለቤት እትዬ ሀብትነሽም ቁልፉን ነጠቁት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ስጦታው መኪና አጣቢ ሆነ፤ በባልዲና በጨርቅ ቂሙን ሲያሽ ከረመ። "መስኮቴን ያዘጋ አፍ እዚያው ቦይ አጠገብ ይከፈታል" ይል ነበር ለራሱ። እያጠበም አንድ ነገር ገባው፤ ጉም የሚወደው የቆሸሸ መስታወት ነው። የውስጡን ወዝ ሙልጭ አድርገህ ታጥባለህ፣ ታደርቃለህ። ደረቅ ሳሙና ስስ አድርገህ ታሻለህ። ከዚያ ሳሙናው ዐይን እስኪያጣው ድረስ በንጹሕ ጨርቅ ትወለውላለህ። ያን ጊዜ መኪና ሙሉ ሰው ቢተነፍስበት በቀላሉ አይታፈንም።

ዛሬ ጧት ተተኪው ሹፌር ታመመ። እትዬ ሀብትነሽ መላ ቢያጡ ስጦታውን ጠሩት።

"ዛሬን ብቻ። እኔም ከኋላህ እቀመጣለሁ። በል አፍህን ላሽትት።"

"ያሽትቱ እትዬ" አለና እፍ አለላቸው።

"ኤጭ! ሽንኩርት!" ብለው ቁልፉን ወረወሩለት።

ስጦታው ሳሙናና ጨርቁን አውጥቶ የፊቱን መስታወት አሸ። ታዲያ የራሱን ግማሽ ብቻ! ሌላውን ግማሽ ከነወዙ ተወው፤ ጋሽ አካለ ወልድ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ወደ ጋቢናው ሲመጡ አይቷቸዋላ።

"ይኼ ሰካራም ነው እንዴ የሚነዳን?"

"ይግቡ ጋሼ፣ ቦታዎ የታወቀ ነው።"

"መስኮቱን ዝጋ በል!"

"እሺ ጋሼ።" እንዴት ያለች ማር የመሰለች "እሺ" ነበረች!

ደብረ ወርቅን እንዳለፉ ዝናቡ ወረደ። በጋሽ አካለ ወልድ በኩል መስታወቱ ወተት መሰለ፤ በስጦታው በኩል የመንገዱ ጠጠር ይለቀማል። ያ ቦይ ጋ ሲደርሱ ስጦታው ዳር ይዞ አቆመና ሞተሩን አጠፋ።

"ምን ሆንክ?" አሉ ጋሽ አካለ ወልድ።

"መስታወቱ ታፈነ ጋሼ። እኔ ደግሞ ጉም ሲበዛ እሰክራለሁ አሉ።"

"ኧረ ገበያው ሊያልፍብን ነው!" አልን ከኋላ የተሳፈርነው።

ጋሽ አካለ ወልድ ቱግ አሉ። "ዐይን የለህም? ያንተ በኩል ጥርት ብሎ የለም እንዴ! የታፈነው የኔ ነው! ያን ቀን በሁለታችንም በኩል ታፍኖ፣ ምንም ሳይታይህ ስትነዳ አልነበር? ዛሬ ምን አቆመህ?"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። 

እትዬ ሀብትነሽ ቀስ ብለው ጠየቁ፤ "ያን ቀን ታፍኖ ነበር አሉ ጋሽ አካለ?"

"እ... በመጠኑ።"

"መስኮቱን ማን አዘጋው?"

"ነፋሱ እኮ... ጎኔን ያመኛል..."

"አረቄውስ?"

ጋሽ አካለ ወልድ ጃንጥላቸውን አዩት። ጃንጥላው አልመለሰላቸውም።

"ቅቤዬን የደፉት እሳቸው ናቸዋ!" አለች ከመጨረሻው ወንበር ያችው ገበያተኛ። መኪናዋ በሳቅ ፈረሰች።

ስጦታው ግን አልሳቀም። ሳሙናውንና ጨርቁን ጭናቸው ላይ አኖረ። "ሳሙናው ከኔ፣ ጨርቁ ከኔ፣ እጁ ከእርስዎ። እስኪጠራ አልነሳም።"

ጋሽ አካለ ወልድ ዞረው የሚያዝንላቸው ሰው ፈለጉ። ማን ይዘንላቸው! አሹ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው እየተንሸራተተ አሹ። "እዚያች ጥግ ላይ ቀርታዎታለች!" ትላቸዋለች ባለቅቤዋ። ሲጨርሱ ስጦታው ተሻግሮ የእርሳቸውን መስኮት እስከ ታች አወረደው። "ለጥንቃቄ ነው ጋሼ።" እስከ ሞጣ ድረስ ነፋሱ ጢማቸውን ሲያበጥር ሄደ።

ሞጣ መናኸሪያ እትዬ ሀብትነሽ ሹፌሩ ሁሉ በተሰበሰበበት አቆሟቸው።

"አረቄ አልሸተተኝም" አሉ ጋሽ አካለ ወልድ። "መስኮቱን ያዘጋሁት... እንጥሽ!... እኔ ነኝ።"

"አልተሰማም!" አለ ስጦታው።

ደገሙት። እትዬ ሀብትነሽም ስጦታው ቁልፉን ሊመልስላቸው እጁን ቢዘረጋ፣ "ያዘው፣ ያንተው ነው" ብለው ጣቶቹን አጠፉለት። ለጋሽ አካለ ወልድ ይቅርታ አደረገላቸው ወይ? አላደረገም። እኔም አድርግ አልለውም!

በሉ ይብቃኝ፣ ነጠላዬን ላንሳ። ውበቴ ከሌላ ሰው ሳትሰማው ልድረስባት፤ "አረቄ ሸተተ" ስትል የከረመች አፍንጫዋን ዛሬ ቆሜ ነው የማየው!