ማር የነካ አውራ ጣት

በጃንሆይ ጊዜ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ለአንድ ፈረንጅ ሐኪም አስተርጓሚ ነበርሁ። የሰው ጠባይ ሁሉ ከነርቭና ከደም ግፊት አያልፍም ባይ ነው። አንድ ቀን ደም ሲታረቅ ይይ ብዬ ይዤው ሄድሁ።

ልጃቸው የተገደለባቸው እማማ ጥሩነሽ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሐኪሙ አስፈቅዶ እጃቸውን ያዘና የልባቸውን ትርታ ለካ።

"ረጋ ብለዋል፤ በሆዳቸው ይቅር ካሉ ቆይተዋል" አለኝ፣ እርግጠኛ ሆኖ።

ገዳዩ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና እግራቸው ሥር ተደፋ። እማማ አዩት፤ ረዥም ጊዜ አዩት። ኋላ ለእርቁ ከቀረበው ማር አውራ ጣታቸውን ነክረው አፉ ውስጥ አደረጉለት። በአገሩ ወግ ያን ጣት የጠባ የጡት ልጅ ይሆናል፤ እንግዲህ የልጃቸው ገዳይ ልጃቸው ሆነ ማለት ነው።

ሐኪሙ ምክንያቱን ጠይቅልኝ አለ።

"እናቴ፣ ምነው እንዲህ አደረጉ?" አልኋቸው።

ከነጠላቸው ሥር የተሳለ ካራ አውጥተው ጭኔ ላይ አኖሩት።

"ይኸን ለሱ ነበር ያመጣሁት። ምን እጄን እንደያዘኝ እኔም አላውቅ። ሐኪሙ ካወቀው ይንገረኝ።"