በቃጫ የጠቀጠቅኩት ቆርቆሮ

ይህን ነገር ሚስቴ ሳትሰማው ሞተች። ልጆቼም አያውቁትም። በጉባኤ ፊት ቆሜ ስንት ጊዜ መስክሬአለሁ፤ መጠጤን ተናግሬአለሁ፣ ቁጣዬን ተናግሬአለሁ፣ ሰውም አሜን ብሎልኛል። ይቺን ግን ሁልጊዜ ዘልያት ነው የማልፈው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የሚባል የለም፤ ስለዚህ አንባቢዬ፣ ዛሬ አንተ ስማኝ።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። ወጣት ነኝ፣ እጄ ፈጣን ነው፤ ከእጄ ይልቅ ግን አፌ ይፈጥን ነበር። ጋሽ ከድር ከሹፌሮቻችን ሁሉ አንጋፋው ነበሩ። የአርሲ ሰው ናቸው፤ ጠዋት በአጠገቤ ሲያልፉ «አካም ቡልቴ፣ ጎበዙ?» ሳይሉኝ አይሄዱም። ሰው ቤት ተሰብስባችሁ ጸልያችኋል ተብለን በታሰርን ጊዜ እኔን ዋስ ሆነው ያስፈቱኝ እሳቸው ናቸው። እስላም ለጴንጤ ዋስ ሆነ እያሉ ጋራዡ ውስጥ ብዙ ሳቁባቸው፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ።

የሚነዱት ቱርቦ ያለው የጭነት መኪና ነበር። ሞተር ሲሠራ ከሆዱ የሚወጣው ትንፋሽ ዘይት ያዘለ ነው። በዚያ መኪና ላይ ትንፋሹ በጎማ ቱቦ ተመልሶ ቱርቦው ውስጥ ይገባና ሁሉን ነገር በዘይት ያጨቀየዋል። ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ላይ መፍትሔውን በሥዕል አየሁ፤ በቱቦው መሃል አንድ ቆርቆሮ ይገባል፣ ውስጡ የሽቦ ጥልፍልፍ አለው፣ ዘይቱ እዚያ ተይዞ ከታች ሲጠራቀም ትንፋሹ ብቻ ያልፋል። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ፈልጌ፣ ቱቦ በይጄበት፣ ክዳኑን አጥብቄ ሠራሁት። ቆንጆ ሆነ። የቀረኝ ሽቦው ነበር። ሽቦ ግን በዚያን ጊዜ ከየት ይምጣ? እስኪገኝ መጠበቅ እችል ነበር። ማን አስቸኮለኝ? ማንም። እናቴ ዕቃ የምታጥብበትን ቃጫ አምጥቼ ጠቀጠቅኩበት።

ጋሽ ከድር አይተው «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አሉኝ።

«ዘይት ጠባቂ ናት ጋሼ፤ እርስዎ ብቻ ይንዱ» አልኳቸው። እሳቸውም አምነውኝ ነዱ።

ቃጫ ዘይት ሲጠጣ እንደሚያብጥና እንደሚጠቀጠቅ አላሰብኩም። አላሰብኩም ስል ሐሰት እየተናገርኩ እንዳይሆን እፈራለሁ፤ አንድ ቀን ከፍቼ ልየው ብዬ ነበር፣ ሳልከፍተው ቀረሁ። ቃጫው ሲደፈን ሞተሩ መተንፈሻ አጣ። ትንፋሹ ከውስጥ እየገፋ ዘይቱን በየስፌቱ አስወጣው። ጋሽ ከድር ለዘር የሚደርስ ማዳበሪያ ጭነው፣ አዳሚ ቱሉን አልፈው ወደ አርሲ ነገሌ አቀበቱን ሲይዙ ሞተሩ ደርቆ ተጣበቀ።

መኪናውን ጎትተን እንድናመጣ ስንላክ አብሬ ሄድኩ። ጋሽ ከድር መንገድ ዳር አንድ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ኮፈኑን ከፈትኩ። ቆርቆሮዋን ስነካት ወዲያው ገባኝ። ፈታኋት፤ ከመሣሪያ ቦርሳዬ ሥር ደበቅኳት፣ ቱቦውን እንደ ድሮው መልሼ አያያዝኩ። ዝዋይ ላይ ቆመን ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ እኔ ወርጄ ሐይቁ ዳር ሸንበቆ ውስጥ ወረወርኳት።

መርማሪዎቹ ሲያዩት ዘይት የሌለው ሞተርና አንድ ሹፌር ብቻ ነበር። ዘይቱን አላየህም፣ የሕዝብ ንብረት አውድመሃል፣ አሻጥር ነው ብለው ጋሽ ከድርን አሰሯቸው። አሻጥር በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ጋሽ ከድር ሲመረመሩ ስሜን ይጠሩታል ብዬ በየቀኑ ጠበቅኩ። ያ ልጅ ቆርቆሮ ገጥሞ ነበር ቢሉ በቂ ነበር። አላሉም። ረስተውት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሹፌር የሞተሩን ነገር ይረሳል?

እኔስ ምን አደረግኩ? ጸሎት አዘዝኩ! በድብቅ በምንሰበሰብበት ቤት ለጋሽ ከድር እንጹም ብዬ ያሳሰብኩት እኔ ነኝ። እነዚያ ደጋግ ሰዎች ስለ እሳቸው ሲያለቅሱ አብሬ ተንበርክኬ አለቀስኩ። እንባዬ እውነተኛ ነበር፤ እሱ ነው ዛሬም የሚያሳፍረኝ። ከባለቤታቸው ከአዴ መርየማ ጋር እስር ቤት ስንቅ አመላልስ ነበር። ሌላው ሰው እንዳይጠረጠር ሲርቃቸው እኔ ቀረብኩ ተብዬ ተመሰገንኩ።

ጋሽ ከድር ሲፈቱ ከስተው፣ ጥርሳቸው ረግፎ ነበር። መንጃ ፈቃዳቸውንም ተነጥቀዋል። ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ ማንም በአጠገባችን በሌለበት፣ ዝግ ብለው ጠየቁኝ።

«ያቺን ቆርቆሮ የት አደረስካት?»

በቁጣ አልነበረም። እኔ ስሜ የተመዘገበ ጴንጤ ነበርኩ፤ አሻጥር የሚለው ነገር በእኔ ላይ ቢወድቅ እንደ እሳቸው በሕይወት አልወጣም ነበር። ያን አውቀው ነው ዝም ያሉት። አሁን የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ የታሰሩት ለማን ብለው እንደሆነ አንድ ሰው እንዲያውቅላቸው። ደርግ አይሰማንም ነበር፤ መርማሪም አልነበረም። የሚያስፈራኝ ምንም አልነበረም።

«የምን ቆርቆሮ?» አልኳቸው።

ጋሽ ከድር ሻያቸውን አማሰሉ። «እንግዲያስ ተሳስቼ ነው፤ አርጅቻለሁ» አሉና ስለ ልጆቻቸው ማውራት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ አላነሱትም። ሲሞቱ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ቃጫውን የአላዋቂ ሥራ በለው። ቆርቆሮዋን መደበቄን ፍርሃት በለው፤ ብዙ ሰው ፈርቷል። ሻይ ቤት ያልኩትን ግን ምን ትለዋለህ? እኔ ስም አጥቼለታለሁ። ያን ሰው ያሰረው መንግሥት ነው፤ ውሸታም ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ፣ ፊት ለፊቱ፣ ሻዩን እየጠጣሁ።

አዴ መርየማ በሕይወት አሉ። በየአረፋው ከሚታረደው ድርሻዬን ይልኩልኛል። እንግዳ ሲመጣ «የባሌ የክፉ ቀን ወዳጅ፣ ልጄ ነው» ብለው ያስተዋውቁኛል። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ይህን ማንበብ አይችሉም። የልጅ ልጃቸው እንድታነብላቸው ልልክ አስቤ ነበር፤ ያም መሸሽ ሆነብኝ። ነገ አጠገባቸው ተቀምጬ በራሴ አፍ አነብላቸዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ የሚል አልጻፍኩበትም። ብጽፍ ሳልጨርስ ይቅር እንደሚሉኝ አውቃለሁ። በመጀመሪያ ልጄ እያሉ የሚጠሩት ማንን እንደሆነ ይወቁ።