በሟች ስልክ የገባ ማስታወሻ

ፈሪ ነኝ፤ ምን ይደረግ። መካነ ሰላም ውስጥ ወላጅ ያጡ ተማሪዎችን በሚረዳ አንድ ትንሽ ድርጅት የለጋሾችን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ሰው ስልኩን ጨብጦ፣ ፊቱን አጥቁሮ በሩ ላይ ከቆመ ገና ምኑም ሳይነገረኝ ጥፋቱ የኔ ይመስለኛል።

ያን ጠዋት የመጣችው ባሏን በቅርቡ የቀበረች ሴት ናት። ሰውየው ነጋዴ ነበር፤ ለተማሪዎቹ ማደሪያ ቃል ገብቶ ሳይከፍል ነው የሞተው። ሙስሊሞች ናቸው፤ እነሱ ዘንድ ሬሳው ከመቀበሩ በፊት ሟቹ የማንም ዕዳ ካለበት ይነገር ይባላል። ዕዳ ይዞ የሄደ አያርፍማ። ታናሽ ወንድሙ ከሰው መሀል ተነስቶ፣ ለተማሪዎቹ የገባውም ቃል ጭምር በእኔ ይሁን አለ። ኋላም ከፍያለሁ ብሏታል።

እሷ ደንበኞቹ ይደውሉ ይሆናል ብላ የባሏን ስልክ አልዘጋችውም። በዚያ ስልክ ከእኛ መልእክት ገባ፦ የገቡትን ቃል እስካሁን ስላልፈጸሙ በትህትና እናስታውሳለን። በትህትና! ማስታወሻውን በራሱ የሚልከው ሶፍትዌር የሰውየውን መሞት በምን ይወቅ።

ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ወንድሙ ቀብሩ ላይ ቆሞ ዋሸ ማለት ነው?" አለችኝ።

ያረቢ! ክርስቲያን ብሆንም ሲጨንቀኝ ከአፌ የምትወጣው ይህችው የእነሱ ቃል ናት። የባሏን ስም ከፈትኩ፤ በቀይ፣ ያልተከፈለ ይላል። እሷ ኮምፒዩተሩን ትታ የኔን ፊት ነው የምታየው። ለማንም እንዳልተናገረች ነገረችኝ፤ አማቷ ከሰሙ ታናሽ ልጃቸውን ከቤት ያባርሩታል። እውነት አልከፈለ እንደሆነስ? ያንን ቤት የማፈርሰው እኔ ልሆን ነው። ገጹን እንደገና ልክፈት አልኩ። ኔትወርኩ ደግሞ ሰዓት መርጦ ሄደ።

እስኪመለስ ስንጠብቅ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ከባንክ የሚመጣውን ገንዘብ ሶፍትዌሩ ራሱ ነው የሚመዘግበው፤ እሱም በላኪው ስም። ስለ ማን እንደተከፈለ ሰው ካልነገረው አያውቅም። ኔትወርኩ ሲመጣ የወንድምየውን ስም ፈለግሁ። አለ! አዲስ ለጋሽ ተብሎ ለብቻው ተቀምጧል። ገንዘቡ ሟቹ ቃል ከገባው ጋር እኩል ነው፤ የተላከውም እነሱ ከሚኖሩበት ከአቀስታ፣ ከቀብሩ ብዙም ሳይቆይ። መመሳሰሉ ብቻ ግን ልቤን አላሳረፈውም። የባንኩን ማስረጃ ከፍቼ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ የጻፈውን አየሁ፦ የወንድሜ ቃል።

ክፍያውን ከሟቹ ቃል ጋር አያያዝኩት፤ ከፋዩ ወንድሙ መሆኑንም መዘገብኩ። ቀዩ ጠፋ። ሁለተኛ መልእክት እንዳይሄድም ያንን ስልክ ከመልእክት ዝርዝሩ አስወጣሁት።

"አብሽሪ፣ እህቴ፣ ከፍሏል" አልኳት። አልሐምዱሊላህ አለች። እኔም ተንፈስ አልኩ፤ አለቀ ብዬ። እሷ ግን አልተነሳችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

"መልእክቱ የገባ ዕለት ልጄን፣ የወንድሙን ልጅ፣ አቅፎ ሲያጫውት ከእጁ ነጠቅሁት" አለች። "ደግመህ እዚህ ቤት እንዳትመጣ አልኩት። ለምን እንደሆነ እስካሁን አያውቅም።"